በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ የተነገረ መርዶ

ጉዞ ስሄድ ፈታሾች ቦርሳዬን ክፈቺ እስኪሉኝ አልጠብቅም። ራሴ ከፍቼ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እዘረግፈዋለሁ። አንዳንዶቹ "እማማ፣ ይሄን ያህል አያስፈልግም" ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ የጃጀሁ ይመስላቸዋል። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው እህቴ ስለፈቀደችልኝ ነው። "ጻፊው፤ ብቻ እኔ ፊት እንዳታነቢው" ብላኛለች።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜን ባለው ጦርነት ምክንያት በየቦታው ፍተሻ በጠበቀበት ጊዜ ነው። ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ባሌ ሞቷል። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አባታችን ከሸዋ ለሥራ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም ታናሽ እህቴ ብርቄም የተወለድነው እዚሁ ነው። እኔ ጅማ፣ በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር ቤት ሠርቼ ቀረሁ፤ እሷ ሸቤ ከተማ አገባች። ባሏ ካረፈ በኋላም እዚያው ትንሽ ሱቅ ከፍታ ትኖር ነበር። ያላት ልጅ ሳምሶን ብቻ ነበር።

ሳምሶን ሁለተኛ ደረጃ የተማረው እኔ ቤት ሆኖ ነው። የራሴ ልጅ የለኝም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልልም። አዲስ አበባ ሄዶ በምህንድስና ሲመረቅ ከተነሳቸው ፎቶዎች አንዱን አስተልቆ፣ በመስታወት አስገብቶ አመጣልኝ። ከሬዲዮው በላይ ሰቀልኩት።

ስልክ አልነበረኝም። የሚፈልገኝ ሰው የሚደውለው ጎረቤታችን ሐጂ ሙክታር የጨርቅ ሱቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሐጂ ራሳቸው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ጠሩኝ። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድማችን ግርማ ነበር የደወለው።

"አስካለ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ሐጂ አሉ።"

"ወንበር ካለ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ሳምሶን ባለፈው ምሽት ከሥራ ሲመለስ መንገድ እየተሻገረ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ሳይደርስ ሞቷል።

"ብርቄ እንዳትሰማ" አለኝ ግርማ። "እዚህ ደርሳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገራት። ታሟል በያት። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እሷ ሳትደርስ አይቀበርም። በአውቶብስ ከመጣችሁ አትደርሱም፤ የአውሮፕላን ትኬት አስቆርጣለሁ። ያንን የምረቃውን ፎቶ ይዘሽ ነይ፤ ለልቅሶው የሚሆን ትልቅ ፎቶ እዚህ የለም።"

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በማለዳ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ ብትወድቅ የሚይዛት፣ ፊቷን ብትቧጭር እጇን የሚይዝላት ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ማንም ሰው የልጁን ሞት ብቻውን፣ በባዕድ ፊት አይሰማም። የእኔ ሥራ እህቴን ሳታውቅ ወንድሜ ደጅ ማድረስ ነበር። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ሐጂ ሙክታር ስልኩን ስዘጋ ፊቴን አይተው "ኢና ሊላሂ" አሉና ሌላ ምንም አልጠየቁም። ወደ ሸቤ የሚሄድ የሚያውቁት ሾፌር ፈልገው ለብርቄ መልእክት ላኩልኝ፤ ሳምሶን አንጀቱን ታሞ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው፣ ቶሎ ነይ የሚል።

እሷ ከመድረሷ በፊት ፎቶውን አወረድኩት። በባሌ ሞት የለበስኳቸው ሁለት ጥቁር ቀሚሶች ነበሩኝ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእኔ። መስታወቱ እንዳይሰበር ፎቶውን በሁለቱ ቀሚሶች ጠቅልዬ ከእጅ ቦርሳዬ ሥር አስቀመጥኩት። በሻንጣ አላደረግሁትም፤ ሻንጣ ሲጭኑ ይወረውራሉ ብለውኛል።

ብርቄ ወደ ማታ ገደማ ደረሰች። ገና ሳትቀመጥ ግድግዳውን አየች።

"እትዬ፣ ፎቶው የት ሄደ?"

"መስታወቱ ተሰነጠቀ። ላሳድሰው ሰጥቼዋለሁ።"

"መቼ ተሰነጠቀ?"

"ሰሞኑን።"

ባዶውን ምስማር ትንሽ ቆማ አየችው። "ምስማር ለብቻው ሲታይ ያስጠላል" አለች። ከዚያ ስለ ትኬቱ ስነግራት ሳቀች። "ለአንጀት ሕመም በአውሮፕላን? ግርማ ከመቼ ወዲህ ነው እጁ የተፈታው? ለሠርጌ አንድ በግ አላመጣም እኮ።"

"አሁን ሥራው ተስተካክሎለታል።"

"ይሁንለት። ሲነሳ ግን እጄን ያዢኝ፤ እኔ ከአጋሰስ በላይ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቼ አላውቅም።"

በነጋታው ጠዋት አየር ማረፊያው ደረስን። መፈተሻው ጠባብ ክፍል ነበር። መሐል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ቦርሳ እዚያ ላይ በእጅ ይፈተሻል። ጥግ ላይ ደግሞ የሴቶች ገላ የሚፈተሽባት በአረንጓዴ መጋረጃ የተከለለች ቦታ አለች። ይህቺን መጋረጃ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከፊታችን የቡ በምትባል ከተማ አካባቢ የሚኖሩ አባ ዲጋ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ነበሩ። ሰልፉ ላይ ራሳቸው ተዋውቀውናል። ጫማ አውልቁ ሲባሉ አንዱን ጫማ በእጃቸው አንጠልጥለው፣ "አቦ! የቡ ኬላ ላይ ቡና ይፈልጉብኛል። እዚህ ደግሞ ጫማዬ ውስጥ የበቀለ መሰላችሁ እንዴ?" አሉ።

ብርቄ ሳቀች። ጥርሷ እስኪታይ ነበር የሳቀችው።

ተራችን ደረሰ። የምትፈትሸው ወጣት ልጅ ነበረች፤ መጀመሪያ የብርቄን ዘንቢል አየች። ብርቄ ለሳምሶን ያመጣችለትን ማር ልጅቱ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና መለሰችላት። ብርቄ ዘንቢሏን ለማስተካከል ፈንጠር ስትል የእኔን ቦርሳ ልጅቱ ሳበችው። እጇን አስገባች።

"እናቴ፣ ከሥር ጠንካራ ነገር አለ። ምንድን ነው?"

ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት። "ልጄ፣ ፎቶ ነው። መርዶ ነው የያዝኩት። ያቺ እናቱ ናት፤ አላወቀችም። እባክሽ መጋረጃው ውስጥ አስገብተሽ ክፈቺው። ሁሉንም እዪ፤ እሷ ብቻ እንዳታየው።"

ልጅቱ ብርቄን አየቻት፤ የማሩን ዕቃ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። "እሺ" አለችና ቦርሳውን ብድግ አደረገች።

"ቁሚ! ወዴት ነው?"

ይህን ያለው የፈታሾቹ ኃላፊ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ የመገናኛ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ እየመታ ሲያየን ቆይቷል። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት አይበልጥም።

"ውስጥ ልየው ብዬ ነው" አለች ልጅቱ።

"ቦርሳ የሚፈተሸው እዚህ ነው። ምን ብላ ነው ያንሾካሾከችልሽ?"

እኔ ቀድሜ ወደ እሱ ሄድኩ። "ጌታዬ፣ እርስዎን ለብቻ ላናግርዎት።"

"እዚህ ለብቻ የሚባል ነገር የለም። ተናገሪ።"

እናቱ ልሆን ጥቂት የሚቀረኝን ሴት "አንቺ" አለኝ። እኔ እስከ መጨረሻው እርስዎ እያልኩ ነው ያናገርኩት። ላከብረው አይደለም።

"እዚህ መናገር አልችልም።"

"አትችዪም? እንግዲያው የምትደብቂው ነገር አለ።"

"አዎ፣ አለ። እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት ግን አይደለም። ልጅቷ መጋረጃው ውስጥ ትየው፤ ከፈለጉ እርስዎም ገብተው ይዩት።"

"የምፈልገውን አንቺ አትነግሪኝም።"

ቦርሳውን ከልጅቱ እጅ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ፎጣዬ፣ ሳሙናዬ፣ ዳዊቴ ወጡ። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ጥቅል ዱብ አለ። እጄን ልጭንበት ስል እጄን በሬዲዮው ገፋ አደረገው። አንዱን ቀሚስ በእጅጌው ይዞ ወደ ላይ ሳበው፤ ጥቅሉ ተፈታ። ሁለተኛው ቀሚስ ተከተለ። ሳምሶን በምረቃ ልብሱ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ በጥቁር ጨርቅ መሐል ጠረጴዛው ላይ ተንጋለለ።

ብርቄ ዘንቢሏን እንደያዘች መጣች። መጀመሪያ ያየችው ቀሚሶቹን ነው፤ የማን እንደሆኑ ታውቃለች። ከዚያ ፎቶውን አየች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈችና ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው።

"መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ እትዬ" አለች።

ሰውየውም ጥያቄ ነበረው።

"ይሄ ማን ነው?"

ቀሚሶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

"አንቺን እኮ ነው! ማን ነው? አሁን የት ነው ያለው?"

ብርቄ ቀና ብላ እኔን አየች። ድምፅዋ ገና የዘወትር ድምፅዋ ነበር። "ንገሪያቸዋ፣ እትዬ። የት ነው ያለው?"

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ውሸት አጣሁ። "ሞቷል፣ ብርቄ" አልኳት። "ትናንት ወዲያ ማታ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እንቀብረዋለን።"

መርዶው እንዲህ ተነገረ። ሽማግሌ የለ፣ የሚይዛት ክንድ የለ፤ ጫማውን ያወለቀ መንገደኛ በዙሪያዋ ቆሞ።

የማሩ ዕቃ ወለሉ ላይ ተሰበረ። እሷም እዚያው ተዘረጋች። ጩኸቷን ልጽፈው አልችልም። ልጅቱና እኔ እጇን ያዝን፤ አባ ዲጋ ባዶ እግራቸውን ማሩ ላይ ተንበርክከው ራሷን ደገፉላት። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይሉ ነበር።

ሰውየው አልደነገጠም ብል እዋሻለሁ። ደንግጧል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አይቻለሁ። ግን ድንጋጤውን ወደ ምን እንደለወጠው ስሙ። ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ የሆነ ነገር ተናገረና "ይቺ ሴት በዚህ ሁኔታ አትሳፈርም" አለ። "በረራ ላይ ረብሻ ትፈጥራለች። ሌላ ቀን ትሂድ።"

"ሌላ ቀን ልጇ የለም" አልኩት። "ቀብሩ ዛሬ ነው።"

"የእኔ ሥራ የበረራ ደኅንነት ነው።"

ሕገ መንግሥቱ ሲወጣ መሥሪያ ቤታችን ሰብስቦ አንቀጽ በአንቀጽ አስነብቦን ነበር፤ ብዙው ሲነበብ አንቀላፍቻለሁ። ያን ቀን ግን አንዱ ትዝ አለኝ። "ማንም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወር ነፃነት አለው ይላል ሕገ መንግሥቱ" አልኩት። "ትኬት አላት፣ መታወቂያ አላት፣ ፈትሻችኋታል። በምን ሕግ ነው የሚያስቀሯት?"

ፈገግ አለ። "ሕገ መንግሥቱ መሬት ላይ ይሠራል። ይሄ አውሮፕላን ነው።"

ከኋላችን ክራባት ያሰረ አንድ ሰው ሰዓቱን አይቶ "እውነቱን ነው፤ በሚቀጥለው ቢሄዱስ?" አለ። መልኩን አልረሳሁትም። አባ ዲጋ ከወለሉ ላይ ሆነው "ጌታዬ፣ የሚቀር ሰው ከተፈለገ እኔ ልቅር፤ እሷን ስደዳት" አሉ።

"አንተ ጫማህን አድርግ።"

ቀጥሎ ያለውን የተናገረው ወደ እኔ ዞሮ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

"ተሳፋሪ እስኪጠራ ድረስ ዝም ካለች ትገባለች። ካላለች ትቀራለች። ፎቶው ደግሞ በመስታወት አይገባም።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የእህቴን ፊት በሁለት እጄ ያዝኩ። "ብርቄ፣ ዝም በይ" አልኳት። "ዝም ካላልሽ አያሳፍሩሽም። ሳታዪው ይቀበራል። ዝም በይ።"

አየችኝ። መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ጥርሷን ነከሰችበት። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። አንድ ጊዜ ከአፍንጫዋ አንዳች ነገር ሲያመልጣት ሰውየውን ቀና ብላ አየችው፤ ሰምቶ እንደሆነ ለማወቅ።

እሷን አቁሜ ጥቁሩን ቀሚስ ከላይ አለበስኳት። ነጠላዋን ከአፏ አውጥታ ራሷ ዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ጥለቱ አገጯ ሥር መጣ። ፈታሿ ልጅ በቤቷ ቁልፍ የፎቶውን ምስማሮች ፈልቅቃ መስታወቱን አወጣችና ፎቶውን ለእኔ ሰጥታ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንባዋ ይወርድ ነበር። እሷ ማልቀስ ተፈቅዶላታል።

ተሳፋሪ ሲጠራ ሰውየው የብርቄን ፊት በጥንቃቄ መርምሮ "ጥሩ" አለና አሳለፈን።

አውሮፕላኑ ሲነሳ እጇን ያዝኩላት፤ ያዢኝ ብላኝ ነበርና። እጇ የእኔን አልያዘም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከንፈሯን እንደገጠመች አዲስ አበባ ደረስን።

ግርማ ቤት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ጠብቆናል። ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ የሚይዟት ጉልበታም ወንዶች ነበሩ፤ ፊቷ ላይ የሚረጭ ውኃ በጣሳ ተቀድቶ ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትገባ የደነገጡት እነሱ ናቸው። ሴቶቹ ጮኹ። እሷ ሰው ባሳያት ቦታ ተቀመጠች።

ግርማ ወደ ጓዳ ጎትቶ ወሰደኝ። "እንዴት መንገድ ላይ ትነግሪያታለሽ? አንድ ነገር አደራ ብልሽ!"

"ለፈታሹ ደውልለት" አልኩት።

መቃብሩ አፋፍ ላይም አላለቀሰችም። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ?" ስትል ሰማሁ። ዞሬ ብዙ ልናገራት እችል ነበር፤ ተውኳት። በሦስተኛው ቀን አላለቀሰችም፣ በአርባውም አላለቀሰችም። አልቅሺ ብለን ለመንናት፤ አልቃሽ አስመጣን። "ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም" ብላ ነገረችኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

አቤቱታ ጻፍኩ። ፍተሻው በደንቡ መሠረት መከናወኑን የሚገልጽ መልስ መጣልኝ። እውነት ነው፤ በደንቡ መሠረት ነበር። በሁለተኛው ወር አየር ማረፊያው ድረስ ሄጄ ሰውየውን ፈለግሁት፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉኝ። እሱ እንግዲህ የመዘዋወር ነፃነቱ ተከብሮለታል። ፈታሿ ልጅ ግን ነበረች። መስታወቱን በጋዜጣ ጠቅልላ በሣጥኗ አስቀምጣልኝ ነበር። ይዤ ቤት ስገባ ብርቄ ተቀምጣለች፤ ሱቋን ሸጣ እኔ ጋ መኖር ጀምራ ነበር። ጋዜጣውን ስፈታ አየችኝ።

"ተይው፣ ያለ መስታወት ይሰቀል" አለች። "ተሰንጥቋል ብለሽኝ የለ?"

ፎቶው ከሬዲዮው በላይ፣ ያለ መስታወት ነው። የጅማ ክረምት ጠርዙን ሻጋታ አስይዞታል።

አንባቢዎቼ፣ ፍተሻ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። በዚያ ጊዜ ምን እንደሚፈሩ አውቃለሁ፤ አውሮፕላን ውስጥ ስገባ እኔም ሰው ሁሉ ተፈትሾ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ቦርሳዬን ማየት መብቱ ነበር። መጋረጃው ግን እዚያው ነበር። ልጅቱ ቦርሳውን ይዛ መንገድ ጀምራ ነበር። ማንም ሰው አደጋ ላይ ሳይወድቅ፣ ሕግ ሳይፈርስ፣ አውሮፕላኑም ሳይዘገይ እህቴ እንደ ሰው መርዶዋን ትሰማ ነበር። ያንን የከለከላት ደንብ አልነበረም፤ እሱ ነበር። አንዲት ሴት ስታንሾካሹክ ሲያይ ከወንጀል ሌላ ሐሳብ ስላልመጣለት ነው።

ይቅር በዪው የሚሉኝ አሉ። ንስሐ አባቴም ብለውኛል። አልሞከርኩም አልልም።

ከዚያ ወዲህ መርዶ ደብቄ አላውቅም። ሞት ሲመጣ ሄጄ በር ዘግቼ፣ ከሟቹ ዘመድ አጠገብ ተቀምጬ በቀጥታ እነግራለሁ፤ ዘመዶቼ ጨካኝ ይሉኛል። ቦርሳዬንም ራሴ እዘረግፋለሁ። የእኔን ነገር ሌላ ሰው ፈትቶ እንዲያነሳው አልፈልግም።

ብርቄ አሁን ደኅና ናት። ትጫወታለች፣ ከጎረቤት ጋር ትጣላለች፣ የሐጂ ሙክታርን የልጅ ልጆች ታስቃለች። አንድ ነገር ብቻ አለ። አውሮፕላን ከጅማ ሲነሳ በቾ ቦሬ ላይ ይሰማል። ድምፁ ሲመጣ ወሬዋን መሐል ላይ ታቋርጣለች፤ የማያውቃት ሰው ቀጥሎ ምን እንደምትል ይጠብቃል። እሷ ከንፈሯን ገጥማ፣ አንገቷን ትንሽ ደፍታ፣ አውሮፕላኑ አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዝም ትላለች።